ሰላምታው አይቆረጥ

በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ የተጻፉ የነገሥታት ደብዳቤዎችን የሚጠቅስ ሁሉ አንድ ክፉ ልማድ አለው። የመግቢያውን ሰላምታ ዘሎ «ቁም ነገሩ» ላይ ያርፋል።

አጻጻፉ የታወቀ ነው። ንጉሡ ይናገራል፣ ጸሐፊው ይጽፋል፤ በፊርማ ፈንታ ማኅተም ከራስጌ ይመታል። መልእክተኛው ወረቀቱን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ሰክቶ ይገሠግሣል። የምኒልክ ፖስታ የተቋቋመው ገና በ1886 ዓ.ም. ነውና።

ወደ ሰላምታው እንመለስ። የአፄ ዮሐንስ ደብዳቤ ላኪውን ከነማዕረጉ ይጠራል፤ ቀጥሎ «ይድረስ» ብሎ ተቀባዩን ይሰይማል። ከዚያ እንዴት ሰነበቱ ብሎ ይጠይቅና «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከነሠራዊቴ ደኅና ነኝ» ይላል። ችኩል አንባቢ ይህን የአፍ ልማድ ብሎ ያልፈዋል። ባላገር ቢሆን «ከነልጆቼ» ይል ነበር፤ ንጉሡ ግን ደኅንነቱን ሲነግር ጦሩም እንዳልተበተነ አብሮ ያስታውቃል። ለወዳጅ የምሥራች ነው፤ ለጠላት ግን ሌላ ትርጉም አለው። ማን በምን ማዕረግ እንደተጠራ፣ ማዕረጉ እንደረዘመ ወይም እንዳጠረ ማየትም ግማሽ ፖለቲካ ነው።

አክብሮት ሲጓደል ምን እንደሚመስል ለማየት ደብረ ታቦር መውጣት ይበቃል። ግብፅ በጉንደትና በጉራዕ ከተሸነፈች በኋላ፣ በጥቅምት 1872 ዓ.ም. የሱዳኑ ገዥ ጎርደን የግብፁን ገዥ የከዲቭ ተውፊቅን ጉዳይ ይዞ እዚያ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ቀረበ። አልተስማሙም። ጎርደን ለከዲቩ እንዲያደርስ የተሰጠውን መልስ በመንገድ ከፍቶ አስተረጐመው። በትርጉሙ መሠረት ዮሐንስ መልእክተኛውን በስም እንኳ አልጠሩትም፤ ደብዳቤህ «በዚያ ሰው» እጅ ደርሶኛል ብለው አለፉ። በስውር እንደማይታረቁ፣ ዕርቅ የፈለገ የአውሮፓን ነገሥታት እንዲጠይቅ ጨመሩበት። ጎርደን ብዙም ሳይርቅ ተይዞ በምጽዋ በኩል ከአገር እንዲወጣ ተደረገ።

እሱም ቢሆን ብዕር አያርፍለትም ነበር። በነዚያ ዓመታት የጻፋቸው የግል ደብዳቤዎች በ1881 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በመጽሐፍ ወጡ። የአገራችንን የ1869–1879 እ.ኤ.አ. ደብዳቤዎች ደግሞ ስቬን ሩቤንሰን ሰብስበው በ2000 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። መጽሐፉን የሚያገኝ ሰው በትርጉሙ ብቻ አይብቃው፤ አማርኛውን ከራስጌው ጀምሮ ያንብብ።