ፎጣውን ተዉት፣ ተልባውን ጣዱት

ፎጣችሁን ከእርጥብ ፀጉራችሁ አርቁ። ገርጂ ባለው የሴቶች ፀጉር ቤቴ ለአዲስ ደንበኛ ከሁሉ በፊት የምናገረው ይህንን ነው። «ፀጉሬ እየተንጨባረረ አስቸግሮኛል፣ ጥሩ ቅባት ካለሽ ስጪኝ» ብላ የመጣች ሴት ስለ ፎጣ ስሰብክላት ቅር ይላታል። ይበላት። ታጥቦ የወጣን ፀጉር በፎጣ ፈትጎ፣ ከደረቀ በኋላ በጥቅጥቅ ማበጠሪያ ጎትቶ፣ ከዚያ ቅባት መፈለግ ገንዘብ ማባከን ነው።

እያንዳንዱ የፀጉር ዘለላ ላዩ እንደ ዓሣ በተደራረበ ቅርፊት የተሸፈነ ነው። ዘለላው ቀጥ ያለ ከሆነ ቅርፊቱ ተኝቶ ይቀመጣል፤ ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ወዝም ሳይቸገር ወደ ጫፍ ይወርዳል። የአብዛኞቻችን ፀጉር ግን ይጠቀለላል። ወዙ በየመታጠፊያው እየዘገየ ጫፉ ጋ ሳይደርስ ይቀራል፤ ለዚህ ነው ሥሩ ወዝቶ ጫፉ የሚደርቀው። የደረቀና የተፈተገ ፀጉር ቅርፊቱ ይከፈታል፣ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ያብጣል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ዘለላ በየፊናው ይታጠፋል።

ፀጉር እርጥበትን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚከታተል ያወቅነው ዛሬ አይደለም። የጄኔቫው ሊቅ ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሱር እ.ኤ.አ. በ1783 ባሳተመው መጽሐፉ የአየር እርጥበት መለኪያ መሣሪያ አቅርቦ ነበር፤ የመሣሪያው ዋና ነገር የሰው ፀጉር ነው። አየሩ ሲረጥብ ፀጉሩ ጥቂት ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል፣ መርፌውም አብሮ ይዞራል። እኔ መርፌም አያስፈልገኝ፤ ሐምሌ ላይ ፀጉሯን በፒያስትራ ተተኩሳ ከቤቴ የወጣች ልጅ ገና ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለች የግንባሯ ፀጉር ሲነሳ በመስኮት አየዋለሁ። ፒያስትራ የሚያስተካክለው በውሃ የሚፈታውን ደካማ ማሰሪያ ብቻ ስለሆነ ካፊያም ይበቃዋል።

ሪላክሰር የሚባለው ማለስለሻ ኬሚካል ሌላ ነው። እሱ የፀጉሩን ጠንካራ ማሰሪያ ይበጥሳል፣ የተበጠሰውም አይመለስም። ቀቢኝ የምትለኝን አልከለክላትም፣ ራሷ አዋቂ ናት። ግን እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን ለ11 ዓመት ገደማ የተከታተለ ጥናት ውጤቱን ሲያወጣ፣ በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል የተጠቀሙት በማኅፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ካልተጠቀሙት ከእጥፍ በላይ ሆኖ እንደተገኘ እነግራታለሁ። ጥናቱ ዝምድናውን አሳየ እንጂ ኬሚካሉ በሽታውን አመጣ ብሎ አልደመደመም፤ ይህንንም አልደብቃትም።

አሁን ወደ ሥራው። ፀጉር የሚፈታው ኮንዲሽነር በደንብ ጠጥቶ ሳለ ነው። በአራት ከፍዬ አንዱን ብቻ እለቃለሁ፣ የቀረውን በማስያዣ እይዛለሁ። መጀመሪያ በጣቴ፣ ቀጥሎ ጥርሱ በሰፋ ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ጀምሬ ወደ ሥር እየወጣሁ እፈታዋለሁ። ከሥር የጀመረ ሰው ቋጠሮዎቹን ሁሉ ወደ ታች ገፍቶ አንድ ትልቅ ቋጠሮ ያደርጋቸዋል፤ ከዚያ መቀስ ነው መፍትሔው። ጄል በማትቀቡበት ቀን ውሃውን በፎጣ ፋንታ በአሮጌ የጥጥ ካናቴራ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ ተዉት። ማሸት የለም።

ጄል ደግሞ ከሱቅ አትግዙ፤ ተልባ ከቤታችሁ አይጠፋም። አንድ የቡና ስኒ ተልባ ሳይፈጭ፣ ለቅሞ፣ በስምንት ስኒ ውሃ መጣድ ነው። እንዳይዝ ማማሰል አይቋረጥ። የውጭ አገር ሰዎች ያስቀመጡትን ደቂቃ አትመኑ፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ትንሽ ይዘገያል። ማንኪያውን ስታነሱት ክር እየሳበ ከወረደ ደርሷል፤ ከእሳት አውጡት። እዚህ ላይ መዘናጋት አይቻልም፦ ከቀዘቀዘ ፍሬውን አልለቅም ይላል። ትኩስ እንዳለ በንጹሕ ስቶኪንግ አፍስሳችሁ፣ እጅ እንዳያቃጥል በሁለት ማንኪያ እየጨመቃችሁ አውጡት። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል፤ ጠረኑ ከተለወጠ ድፉት።

ጄሉ የሚቀባው ፀጉሩ ውሃ እየተንጠባጠበ ነው፤ ደንበኞቼ በዚህ አይስማሙም፣ ልብሳቸው ይረጥባል። ግን ዘለላዎቹ ተጠጋግተው የሚጠቀለሉት ውሃው ሳለ ነው። ትንሽ ትንሽ እየያዛችሁ ከላይ ወደ ታች አዳርሱትና በመዳፋችሁ ከጫፍ ወደ ላይ ጨብጡት። ከዚያ እስኪደርቅ ማንም አይንካው። ካስክ ሥር ተቀምጣ በየደቂቃው የምትዳስሰው ሁሉ ዘለላውን እየበተነች ነው። ሲደርቅ ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ አትደንግጡ። መዳፍ ላይ ሁለት ጠብታ የጉሎ ዘይት አድርጎ ጨበጥ ጨበጥ ሲያደርጉት ድርቀቱ ይሰበርና ጥቅሉ ብቻ ይቀራል።

ስለ ቅቤ ሳልጠየቅ የዋልኩበት ቀን የለም። ለጋ ቅቤ ጥሩ ነው፣ እኔም እቀባለሁ። ግን ቅቤ ውሃ አይሰጥም፤ ያለውን እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ። በደረቀ ፀጉር ላይ ከተቀባ የሚይዘው ድርቀቱን ነው። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ቅቤ።

ከዱባይና ከጅቡቲ ለእረፍት የሚመጡ ልጆች ግሊሰሪን ያለበት ክሬም ይዘው ይመጣሉ። ግሊሰሪን እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት በሞላበት የባሕር ዳርቻ ከበዛ ፀጉሩን ያሳብጠዋል፣ በእኛ የጥር ደረቅ አየር ደግሞ የሚስበው ከአየሩ ሲያጣ ከፀጉሩ ይወስዳል። በሁለቱም ቦታ ቀነስ ማድረግ ይሻላል።

ሹሩባ ያሳርፋል፣ ካልጠበቀ። ግንባር ላይ ሽፍታ ካወጣ ወይም የሚያስተኛ ካልሆነ ጠብቋልና ዛሬውኑ ይፈታ፤ ዓመት ሙሉ የተጎተተ የግንባር ፀጉር ተመልሶ ላይበቅል ይችላል።

ማታ ማታ የሳቲን ሻሽ እሰሩ። የጥጥ ትራስ ፀጉሩን ሲፈትግ ያድራል፣ ወዙንም ይጠጣዋል። «ሻሽ አስሬማ ባሌ አጠገብ አልተኛም» የምትል አንዲት ደንበኛ አለችኝ። እንግዲያውስ የሳቲን የትራስ ልብስ ይግዛልሽ አልኳት፤ ሁለት ገዛ፣ አንዱ ለራሱ።