ታይሚንግ ቤልት ምንድር ነው? በቆላስ ስለ ምን ቶሎ ያረጃል?

«የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ሞተር ለመጻፍ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። ጂንካ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ከጂንካም አልፎ ወደ ዲመካ፥ ወደ ቱርሚና ወደ ኦሞራቴ የሚወርድ ሰው መኪናው ሲቆምበት የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ተማሪ እስኪደርስለት አይጠብቅም። ወላድ የጫነ አምቡላንስ በዚያ መንገድ ላይ ቢቆም ደግሞ ነገሩ የመካኒክ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ኪሎ እንኳ ስለማይመዝን የጎማ ቀበቶ ጥቂት እንነጋገር።

የሞተር ሥራ አራት ምት ነው፤ አየር ይስባል፥ ያምቃል፥ ያቃጥላል፥ ጢሱን ያስወጣል። ይህ ሁሉ እስኪፈጸም ድረስ ፒስተኖቹ የተያያዙበት የታችኛው ዘንግ፥ ማለት ክራንክ ሻፍቱ፥ ሁለት ጊዜ ይዞራል። ቫልቮቹን የሚከፍተው የላይኛው ዘንግ፥ ማለት ካም ሻፍቱ፥ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። በናፍጣ ሞተር ናፍጣውን የሚረጨው ፖምፓም ከካም ሻፍቱ ጋር እኩል ይሄዳል። እንግዲህ ሞተሩ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሴኮንድ 20 ጊዜ ይከፈታል ማለት ነው። ቫልቭ ሲወርድ ፒስተን መሸሽ፥ ፒስተን ሲወጣ ቫልቭ መዘጋት አለበት። የማሕሌትን ሥርዓት ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ መቋሚያው፥ ጸናጽሉና ከበሮው በአንድ ልክ ካልሄዱ ሥርዓቱ ይፈርሳል። በማሕሌት ግን የሳተው ሰው ይታረማል፤ በሞተር ውስጥ የሳተው ብረት ይሰበራል።

እነዚህን ዘንጎች ለማስማማት ሦስት መንገድ አለ፤ ጥርስ በጥርስ የተነካከሱ የብረት መዘውሮች፥ ሰንሰለት፥ ወይም ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ። የመጨረሻው ታይሚንግ ቤልት የተባለው ነው። እንደ ወፍጮ ቺንጋ አይደለም። የወፍጮ ቺንጋ እህል ሲበዛበት ይንሸራተታል፤ ይጮሃል እንጂ ጉዳት የለውም። ታይሚንግ ቤልት ግን አንዲት ጥርስ እንኳ መዝለል የለበትም፤ ስለዚህ በራሱም ላይ፥ በሚጠመጠምባቸው መዘውሮችም ላይ ጥርስ አለ። የታችኛው መዘውር ጥርስ የላይኛው እኩሌታ ነው፤ ሁለት ለአንድ የተባለው ዙር የሚገኘው በዚህ ብልሃት ነው። ጥርሳሙ ቀበቶ አስቀድሞ ለስፌት መኪና የተሠራ ሲሆን፥ ብዙ ተሠርቶ በተሸጠ አውቶሞቢል ላይ ታይሚንግ ቤልት ሆኖ የታየው በ1962 እ.ኤ.አ. ግላስ በተባለው የጀርመን ፋብሪካ መኪና ነው።

(እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። ጋራዥ የገባ የቋንቋ ተማሪ ከመዝገበ ቃላት የበለጠ ያተርፋል። ቴስታታ፥ ኩሽኔታ፥ ካቻቢቴ፥ ሞተሪኖ፥ ካንዴላ ሁሉም የጣልያን ቃላት ናቸው። ጣልያን ከሄደ ከ80 ዓመት በላይ ሆነው፤ ቃሉ ግን ዘይት ጠጥቶ አማርኛ ሆኖ ቀርቷል።)

ሁሉም መኪና ይህ ቀበቶ የለውም። ወደ ጂንካ እህልና ሸቀጥ የሚያመላልሰው የአይሱዙ ኤንፒአር ጭነት መኪና የብረት መዘውር ነው ያለው። ባጃጅ ሰንሰለት አለው። የሚያሳስቡን ቶዮታዎቹ ናቸው፤ ቱ ኤል፥ ስሪ ኤል፥ ፋይቭ ኤል የተባሉት የሃይሉክስና የሚኒባስ ናፍጣ ሞተሮች፥ እንዲሁም በ1990 እ.ኤ.አ. የመጣው ዋን ኤች ዜድ የተባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር የላንድ ክሩዘር ሞተር። አምቡላንስ ቢሉ፥ የመሥሪያ ቤት መኪና ቢሉ፥ ቱሪስት ወደ ሙርሲ የሚወስድ ቢሉ፥ በደቡብ ኦሞ መንገድ የሚበዛው ይኸው ላንድ ክሩዘር ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ቱ ኤችና ስሪ ቢ የተባሉት የላንድ ክሩዘር ሞተሮች የብረት መዘውር ነበራቸው፤ ስለዚህ በእነርሱ የለመደ ሹፌር ቤልት የሚባል ነገር መኖሩን ቢዘነጋ አይፈረድበትም።

ፋብሪካው እንደ ሞተሩና እንደ አገሩ ከ100,000 እስከ 150,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ለውጡ ይላል። ይህ ቁጥር ግን በአስፋልት ለሚሄድ የታሰበ ነው። ሒሳቡን እንየው። መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ቢዞር፥ ለአንድ ኪሎ ሜትር 1,500 ዙር ነው። ያው መኪና በቱርሚ አጠገብ ባለው የካስኬ ወንዝ አሸዋ ውስጥ በትንሹ ማርሽ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሞተሩ 2,000 ቢዞር፥ ለአንድ ኪሎ ሜትር 8,000 ዙር ይሆናል። ቆጣሪው አንድ ኪሎ ሜትር ሲል ቤልቱ ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ ሠርቷል። ቆሞ እየሠራ የሚጠብቅ ሞተርማ ቆጣሪው ላይ ምንም አይመዘገብም።

ሙቀቱም አለ። ጂንካ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,400 ሜትር በላይ ስትሆን ኦሞራቴ ከ400 ሜትር ዝቅ ትላለች። ቤልቱ ጎማ ነው፤ ጥንካሬውን የሚሰጠው በውስጡ የተዘረጋው የመስታወት ክር ነው። ጎማው በሙቀት ብዛት ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል። አቧራ በሽፋኑ ክፍተት ገብቶ ጥርሱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከሁሉ የከፋው ዘይትና ናፍጣ ነው፤ የዘንጉ የዘይት ማገጃ ቀለበት ካረጀ የሚያንጠባጥበው ዘይት ጎማውን አላሽቆ ጥርሱን ያረግፈዋል። ሰንሰለት ሲላላ ይንኳኳል፤ ቤልት ግን ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚበጠሰው። በናፍጣ ሞተር እመቃው ከ20 ለ1 ስለሚበልጥ በፒስተንና በቫልቭ መካከል ያለው ስፍራ ጠባብ ነው፤ ቤልቱ ሲበጠስ ቫልቮቹ ይጣመማሉ፥ ቴስታታው መውረድ አለበት። ለቀበቶ ገንዘብ የሰሰተ ሰው መኪናውን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ አስጎትቶ አርባ ምንጭ ያስገባል።

ለመለወጥ ሲነሡ አስቀድሞ ባትሪው ይነቀላል፥ ሞተሩም ይቀዘቅዛል። በሃይሉክስ ሞተር የውጭ ቺንጋዎቹ፥ የታችኛው ትልቅ መዘውርና ሽፋኑ ይወልቃሉ። ሞተሩ በእጅ፥ ዘወትር በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ፥ ይዞርና በክራንክ፥ በካምና በፖምፓ መዘውር ላይ የተቀረጹት ምልክቶች በየቦታቸው ይገጥማሉ። ይህ ሳይሆን ቤልት የሚፈታ ሰው መንገዱን ሳይጠይቅ ሌሊት የሚጓዝን ይመስላል። በላንድ ክሩዘሩ በዋን ኤች ዜድ ግን ሥራው ይቀላል፤ ፖምፓው ከክራንኩ ጋር በብረት መዘውር ስለተገናኘ ቤልቱ የሚሄደው በፖምፓውና በካሙ መካከል ብቻ ነው፥ የታችኛውን መዘውር መንቀል አያስፈልግም። ጥሩ ካቻቢቴና ቁልፍ ያለው ሰው በዛፍ ጥላ ሥር ይሠራዋል።

አሮጌው ከወጣ በኋላ ችኮላ አያስፈልግም። የየመዘውሩን ጥርስ በጨርቅ ጠርጎ በጣት መዳሰስ ነው፤ ጫፉ የሾለ፥ የተበላ ወይም የተሸረፈ ከሆነ አዲሱን ቤልት በጥቂት ጊዜ ይጨርሰዋልና መዘውሩም ይለወጣል። የመወጠሪያው ኩሽኔታ ሲያዞሩት ከጮኸ ወይም ከተንገዳገደ ይጣላል። ዘይት የሚያንጠባጥብ ቀለበት ካለ አሁኑኑ ይለወጥ፤ ቤልቱን ለውጦ ቀለበቱን መተው ቤት አድሶ ጣሪያውን እንደ መተው ነው። አዲሱ ቤልት በስፋትም በጥርስ ቁጥርም ከአሮጌው ጋር ይመዛዘናል፤ ሐሰተኛ ዕቃ በበዛበት ገበያ ሻጩ ቢማልም መቁጠር ይሻላል። ቤልቱ አይታጠፍ፥ አይጠምዘዝ፥ ዘይት በነካው እጅም አይያዝ።

ምልክቶቹ እንደ ገጠሙ ቤልቱ ይጠመጠማል፥ የመወጠሪያው ምንጭ ይለቀቃል፥ ክራንኩም በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። በመካከሉ ጠንከር ብሎ አልዞርም ያለ እንደሆነ ማስገደድ የለም፤ ቫልቭ ፒስተን ነክቷል ማለት ነውና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። በሞተሪኖ መሞከር ፈጽሞ ክልክል ነው። ከሁለቱ ዙር በኋላ ምልክቶቹ ዳግመኛ ከገጠሙ መወጠሪያው ይጠበቃል፤ ሽፋኑም ይመለሳል።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ማገዱን አስታውቋል። ኤሌክትሪክ መኪና ቫልቭም ታይሚንግ ቤልትም የለውም፤ ነገር ግን በቆላ ያሉት የናፍጣ ሞተሮች ብዙ ዘመን መሥራታቸው አይቀርም። ከውጭ አገልግሎ የመጣ መኪና ደግሞ ቤልቱ መቼ እንደ ተለወጠ አይታወቅም፤ ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሶም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ቤልት ጊዜው እንዳለፈ መቁጠር ይሻላል። በቶዮታ ናፍጣዎች ሰሌዳ ላይ «ቲ ቤልት» የምትል መብራት አለች፤ ጊዜው ሲደርስ ትበራለች። ከለወጡ በኋላ በብዙዎቹ አሮጌ ሥሪቶች ከፍጥነት መለኪያው ኋላ ያለችውን ብሎን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው በማዛወር ትጠፋለች። ቤልቱን ሳይለውጡ መብራቷን ብቻ የሚያጠፉም አሉና፥ የተለወጠበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በማይለቅ ቀለም ጽፎ ሽፋኑ ላይ መለጠፍ ነው።