ሉፐስ ያለበት ሰው ትኩሳትን አይናቅ

የዛሬው ንግግራችን ሉፐስ ስለሚባለው በሽታ ነው። ሉፐስ ያለበት ሰው በሌላ በሽታ እንዳይያዝ ምን ያድርግ? እስቲ አብረን እንመልከት።

ሉፐስ ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። በሰውነታችን ውስጥ በሽታን የሚከላከል ኃይል አለ። ይህ ኃይል እንደ ቤት ዘበኛ ነው። ሌባ ሲመጣ ያባርራል። በሉፐስ ጊዜ ግን ዘበኛው የቤቱን ሰው ከሌባው መለየት ያቅተዋል። የገዛ ቤተሰቡን ይደበድባል። መገጣጠሚያን፣ ቆዳን፣ ኩላሊትን ይጎዳል። ከ10 በሽተኞች 9ኙ ያህል ሴቶች ናቸው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም።

ሐኪም ዘበኛውን የሚያበርድ መድኃኒት ያዛል። ፕሬድኒሶሎን አንዱ ነው። ይሁን እንጂ የበረደ ዘበኛ ሌባውንም ቶሎ አያባርርም። ስለዚህ የሳንባ ምች፣ የሳንባ ነቀርሳና አልማዝ ባለጭራ በቀላሉ ይገባሉ።

ታዲያ መድኃኒቱን እንተወው? የለም! ፕሬድኒሶሎንን ለብዙ ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆም ለሕይወቱ ያሰጋል። መድኃኒቱን የሚቀንሰው ሐኪም ብቻ ነው። የእናንተ ድርሻ መጠንቀቅ ነው።

አንደኛ፣ ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ ቤት መልስ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ሁለተኛ፣ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅርባችሁ። በበዓል ቀን ቁርጥ ቀርቦ «አልበላም» ማለት አያሳፍርም። የእናንተ ይጠበስ።

ሦስተኛ፣ በባዶ እግር አትሂዱ። በእርጥብ አፈር ውስጥ የሚኖር አንድ ዓይነት ትል በእግር ቆዳ ይገባል። ፕሬድኒሶሎን በሚወስድ ሰው ውስጥ ትሉ እጅግ ሊባዛና ሊገድል ይችላል።

አራተኛ፣ ከቤተሰቡ ሁለት ሳምንት የሳለ ሰው ካለ ለነቀርሳ ይመርመር።

አምስተኛ፣ ስለ ክትባት ሐኪም ጠይቁ። የኢንፍሉዌንዛና የሳንባ ምች ክትባት ይጠቅማሉ። የኩፍኝና የቢጫ ወባ ክትባት ግን በውስጣቸው ሕይወት ያለው፣ የተዳከመ ጀርም አለ። መድኃኒቱን ለምትወስዱ አደጋ ሊያመጡ ይችላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አንዲት ሉፐስ ያለባት እናት ማታ ትኩሳት ያዛት እንበል። «የለመድኩት በሽታዬ ነው፤ ይተወኛል» ብላ ተኛች። እውነት ነው፣ ሉፐስም ትኩሳት ያመጣል። ጀርምም ያመጣል። ሁለቱን ቤት ውስጥ ሆኖ መለየት አይቻልም። ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው። አንዱ ዘበኛውን ማብረድ ይፈልጋል፤ ሌላው ጀርሙን መግደል። ይህን የሚለይ ምርመራ ነው። ደግሞም ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ሊደብቅ ይችላል።

ስለዚህ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወይም ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ሽንት ካቃጠላችሁ፣ ነገ አትበሉ። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እንደደረሳችሁም «ሉፐስ አለብኝ፣ ይህን መድኃኒት እወስዳለሁ» በሉ። በራሳችሁ ፈቃድ መድኃኒት ገዝታችሁ አትዋጡ። ሰልፋ ያለባቸው አንዳንድ መድኃኒቶች ሉፐስን ይቀሰቅሳሉ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ዛሬ ይህን ለማንበብ በቅታችኋል። እንግዲህ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት። በደህና ሰንብቱ።