ቺንጋ፣ ዳዶና «ማላላት» የሚለው ግሥ፤ የስኩተር ቺንጋ አለዋወጥን ለሚተረጕሙ

ባለስኩተሩ በቤቱ ሆኖ ቺንጋ እንዲለውጥ የሚመራ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ የዕቃው ስም ነው። ከመዝገበ ቃላት የሚነሣ ተርጓሚ ወዲያው «ቀበቶ» ይላል። ቀበቶ ግን ወገብ ይይዛል እንጂ ኃይል አያስተላልፍም። በሥራው ዓለም ያለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣው «ቺንጋ» ነው፤ ከዳዶ፣ ከፑሌጃና ከፍሪሲዮን ጋር አብሮ የኖረ ስለ ሆነ እንዳለ ቢወሰድ እንመርጣለን። (በጣልያንኛም ቃሉ የኮርቻ ማሰሪያ ማለት ጭምር ነውና፣ ዘይቤው ከቀበቶ እምብዛም አልራቀም።)

ስኩተር ሁሉ ቺንጋ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣችው ቬስፓ በማርሽ ትሠራ ነበር። ቺንጋው ያለው ማርሽ በእጅ በማይለወጥባቸው ላይ ነው። በእነዚህ ውስጥ እያንዳንዱ ፑሌጃ ፊት ለፊት የተገጠሙ ሁለት ዘመም ያሉ ገጾች አሉት። ሞተሩ ሲፈጥን በፊተኛው ፑሌጃ ያሉት ክብደቶች ወደ ውጭ እየሸሹ ገጾቹን ያቀራርባሉ፤ ቺንጋው በፊት ወደ ጠርዝ ሲወጣ በኋላ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። የሚጨብጠው በጎኑ ነው። ስለዚህ በውስጡ በኩል የሚታዩትን ጕጦች «ጥርስ» ብሎ መተርጐም ያሳስታል፤ ጥርስ ከጥርስ ይገጥማል፣ እነዚህ ግን ቺንጋው በቀላሉ እንዲተጣጠፍ የተበጁ ብቻ ናቸው። «ሸንተረር» ይሻላል።

በቺንጋው ጀርባ የሚታተመው ቍጥርም ትርጕም ይሻል። በብዙ የቻይና ስሪት ባለ 150 ሲሲ ሞተሮች ላይ 743-20-30 የሚል ይገኛል፤ 743 ርዝመቱ፣ 20 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 30 የጎኖቹ ማዕዘን በዲግሪ ነው። 842-20-30 የሚለው በርዝመት ብቻ ይለያል፤ «ባለ 20 ቺንጋ» ብሎ ማሳጠር እንግዲህ ገዢውን ለማይገጥም ዕቃ ይዳርጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ግሡ ነው። «ላላ» ለዳዶም ለቺንጋም ይነገራል። አዲሱ ቺንጋ ሲገባ የኋለኛው ፑሌጃ ገጾች በእጅ ተራርቀው ቺንጋው በመካከላቸው በጥልቅ መስመጥ አለበት፤ ያን ጊዜ ከፊት በኩል ትርፍ ርዝመት ይገኛል። ይህ ካልተደረገ ቺንጋው በፊተኛው ፑሌጃ ገጾች መካከል ይቆነጠጣል። ዳዶው የጠበቀ ይመስላል፤ የጠበቀው ግን በቺንጋው ላይ እንጂ በመካከል ባለው የብረት ቀለበት ላይ አይደለም። ሞተሩ ተነሥቶ ቺንጋው ቦታውን ሲይዝ ዳዶው ይፈታል፤ የውጭው ገጽ እየተንቀጠቀጠ የዘንጉን ጥርስ ይበላዋል፤ ጥገናውም ከቤት ያልፋል። «ከፊት በኩል ይላላ» የሚል ትእዛዝ ያነበበ ሰው የሚላላው የትኛው እንደ ሆነ በምን ይለይ?

አማርኛ ለዚህ አልተቸገረም። ገመድና የከበሮ ቆዳ ይወጠራሉ፣ ይረግባሉ። እኛም ለቺንጋ «መወጠር» እና «መርገብ»ን፣ ለዳዶ «መጥበቅ» እና «መላላት»ን ለይተን እንድንጠቀም ሐሳብ እናቀርባለን። ሰዋስው የኋለኞቹን ለፊደል አነባበብ መውሰዱ እዚህ የሚያመጣው መደናገር አይታየንም። በዚህ አኳኋን ትእዛዙ እንዲህ ይጻፋል፦ «ቺንጋው ከፊት በኩል በሚገባ እስኪረግብ ድረስ ዳዶው አይጥበቅ፤ ከጠበቀም በኋላ ፑሌጃው በእጅ ይዙር፤ ቺንጋው ሳይቆነጠጥ አብሮ መዞሩ ይታይ።»