የፕሬዚዳንቱን ንግድ ማን ይመርምር?

አንድ ሚኒስትር ራሱ ድርሻ ላለው ኩባንያ የመንግሥት ውል ቢሰጥ፣ በአብዛኞቹ አገሮች የሚከሰስበት ሕግም የሚከስሰው አካልም አለ። ነገሩ ፕሬዚዳንቱ ዘንድ ሲደርስ ይከብዳል። የፖሊስ አዛዡን የሚሾሙት፣ ብዙ ጊዜም ዋናውን ዐቃቤ ሕግ የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። ሕጉን መጻፍ ቀላሉ ሥራ ነው። የሚቸግረው ገንዘቡን እስከ ምንጩ የሚከተልና ያገኘውንም ሲናገር ቃሉ የሚጸናለት ሰው ማግኘት ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ታሪኮች ሁሉ ከዚህ ችግር ጋር የተያያዙ ናቸው። (ዘመኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1787 የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ባለሥልጣን ያለ ኮንግረስ ፈቃድ ከውጭ መንግሥት ስጦታም ሆነ ጥቅም እንዳይቀበል ይከለክላል። የመንግሥት ሠራተኞችን በጥቅም ግጭት የሚያስቀጣው የወንጀል ድንጋጌ ግን ፕሬዚዳንቱንና ምክትላቸውን አይነካም። ክፍተቱን የሸፈነው ልማድ ነበር። ጂሚ ካርተር የኦቾሎኒ ንግዳቸውን ለባለአደራ አስረከቡ፤ ያም ሆኖ ንግዱ ከባንክ የወሰደው ብድር ጥያቄ ስላስነሣ በ1979 ልዩ መርማሪ ተሾመ፣ የሚያስከስስ ነገርም ሳይገኝ ቀረ።

ዶናልድ ትራምፕ በጥር 2017 ይህን ልማድ ተዉት። የኩባንያዎቻቸውን አመራር ለሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ሲሰጡ ባለቤትነቱን ግን አልለቀቁም። የመንግሥት ሥነ ምግባር ቢሮ ኃላፊ የነበሩት ዋልተር ሾብ ይህ እንደማይበቃ በዚያው ዕለት በአደባባይ ተናገሩ፤ የማስገደድ ሥልጣን ስላልነበራቸው በንግግር ቀረ። ከዋይት ሐውስ ብዙም በማይርቀው የትራምፕ ሆቴል የውጭ መንግሥታት እንግዶች ሲያርፉ፣ የሜሪላንድና የዋሽንግተን ዐቃቤ ሕጎች ክፍያው የተከለከለው ጥቅም ነው ብለው ከሰሱ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በጥር 2021 ትራምፕ ሥልጣን ሲለቁ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ ጊዜው አልፎበታል ብሎ ዘጋው። የኮንግረስ ዴሞክራቶች ከረጅም ሙግት በኋላ ከትራምፕ የሒሳብ ድርጅት ያገኟቸውን ሰነዶች ይዘው በጥር 2024 ባወጡት ሪፖርት፣ የሃያ አገሮች መንግሥታትና ድርጅቶቻቸው በመጀመሪያው የሥልጣን ዘመን ለትራምፕ ንግዶች ቢያንስ 7.8 ሚሊዮን ዶላር ከፍለዋል አሉ። ያኔ ግን ዘመኑ ካበቃ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

በደቡብ ኮሪያ ደግሞ ጥያቄው ንብረቱ የማን ነው የሚል ነበር። ዳስ የተባለው የመኪና መለዋወጫ አምራች የተመዘገበው በፕሬዚዳንትነት ዕጩው በሊ ምዩንግ ባክ ወንድም ስም ቢሆንም፣ እውነተኛው ባለቤት ሊ ራሳቸው ናቸው የሚለው ሐሜት በ2007ቱ ምርጫ ዘመቻ ተሰምቷል። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን መረመረና ሊ ቃለ መሐላ ሊፈጽሙ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነጻ አደረጋቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ ያው ጥያቄ እንደገና ተነሣ፤ ፍርድ ቤት ባለቤቱ እሳቸው ናቸው አለ፣ በ2020ም የ17 ዓመት እስራት ጸናባቸው። በ2022 መጨረሻ ይቅርታ ተደርጎላቸዋል። የኩባንያው ጉዳይ ያው ነው፤ የተለወጠው የተመርማሪው ሥልጣን ነው።

ደቡብ አፍሪካን ረዘም አድርጌ የማነሣው ሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ገንዘብ እንዲመልስ የተገደደበት አገር ስለሆነ ነው። በክዋዙሉ ናታል ገጠር፣ ንካንድላ በሚገኘው የፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ መኖሪያ የሚካሄደውን ግንባታ በ2009 መጨረሻ ያጋለጠው ሜይል ኤንድ ጋርዲያን ጋዜጣ ነው። የሕዝብ እንባ ጠባቂዋ ቱሊ ማዶንሴላ በመጋቢት 2014 ባወጡት ሪፖርት፣ ጠቅላላው ወጪ 246 ሚሊዮን ራንድ ሊደርስ እንደሚችል ገመቱ። ለጥበቃ ተብሎ ከተሠራው ውስጥ የመዋኛ ገንዳ፣ የእንግዳ መቀበያ፣ የከብት በረትና የዶሮ ቤት ይገኙበታል። ማዶንሴላ፣ ፕሬዚዳንቱ ከጥበቃ ጋር ካልተያያዘው ወጪ ተገቢውን ድርሻ እንዲከፍሉ አዘዙ። የፖሊስ ሚኒስትሩ ገንዳው ለእሳት ማጥፊያ ነው፣ ዙማ ምንም ዕዳ የለባቸውም አሉ፤ ፓርላማውም ይህንኑ ተቀበለ።

ተቃዋሚዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። መጋቢት 31 ቀን 2016 ዋና ዳኛ ሞጎንግ ሞጎንግ ያነበቡት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ውሳኔ በሙሉ ድምፅ የተሰጠ ነበር፦ የእንባ ጠባቂዋ ትእዛዝ በፍርድ ቤት እስካልተሻረ ድረስ ይጸናል፤ ፕሬዚዳንቱም ፓርላማውም ሕገ መንግሥቱን ጥሰዋል። ማዶንሴላንም ሞጎንግንም የሾሟቸው ዙማ ራሳቸው መሆናቸውን ልብ ይሏል። የእንባ ጠባቂዋ ዘመን ሰባት ዓመት ብቻ ነው፣ አይታደስም፤ ስለዚህ ለዳግም ሹመት ብለው ደጅ የሚጠኑት ሰው የለም። ከግል ድፍረታቸው እኩል ለዚህ ድንጋጌ ዋጋ እሰጣለሁ።

ግምጃ ቤቱ ያሰላውን 7.8 ሚሊዮን ራንድ ዙማ ከቪቢኤስ ባንክ ተበድረው ከፈሉ። ይህ ባንክ በ2018 በገዛ ኃላፊዎቹ ተዘርፎ ወደቀ፤ ገንዘባቸውን ካጡት መካከል ጡረተኞችና እንደ እኛ እድር ያሉ የቀብር ማኅበራት ነበሩበት።

ማዶንሴላ ዘመናቸው ሊያበቃ ሲል የነጋዴዎቹ የጉፕታ ቤተሰብ በመንግሥት ላይ የነበረውን ተጽዕኖ መረመሩ። ምክትል የገንዘብ ሚኒስትሩ ምሴቢሲ ጆናስ፣ ቤተሰቡ የሚኒስትርነት ሹመትና 600 ሚሊዮን ራንድ እንዳቀረበላቸው ተናግረዋል፤ ጉፕታዎች አስተባብለዋል። እንባ ጠባቂዋ አጣሪ ኮሚሽን እንዲቋቋም ሲያዙ፣ ጉዳዩ ዙማን ስለሚነካ ኮሚሽኑን የሚመራውን ዳኛ እሳቸው ሳይሆኑ ዋና ዳኛው እንዲመርጡ ወሰኑ። ዙማ ተከራክረው ተረቱ። በዳኛ ሬይመንድ ዞንዶ የተመራው ኮሚሽን በነሐሴ 2018 ችሎት ከፍቶ ከ300 በላይ ምስክሮች ሰማ። ዙማ ግን ጥሎ መውጣትን መረጡ፣ ቅረቡ የሚለውንም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ስላላከበሩ በ2021 የ15 ወር እስራት ተፈረደባቸው። መታሰራቸውን ተከትሎ በተነሣው ሁከት ከ350 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከጉፕታ ወንድማማቾች ሁለቱን አሳልፋ እንድትሰጥ የተጠየቀችው የተባበሩት አረብ ኤምሬቶችም በ2023 እንቢ አለች።

ዞንዶ በ2022 ባቀረቡት ሪፖርት ፓርላማውን አጥብቀው ወቅሰዋል፤ የፕሬዚዳንቱን ጽሕፈት ቤት የሚከታተል ኮሚቴ ስለ ማቋቋምም እንዲታሰብበት መክረዋል። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የቀድሞ የደኅንነት ሹም፣ ዙማን ከተኩት ፕሬዚዳንት ከሲሪል ራማፎሳ ፋላ ፋላ እርሻ በ2020 ስለተሰረቀ ዶላር ለፖሊስ አቤት አለ። ሶፋ ውስጥ ተደብቆ የነበረው 580,000 ዶላር ለሱዳናዊ ነጋዴ ከተሸጡ ጎሾች የተገኘ ነው ተባለ። ራማፎሳ ጥፋት የለብኝም ይላሉ። በቀድሞ ዋና ዳኛ የተመራ ሦስት አባላት ያሉት ቡድን ፕሬዚዳንቱ በሥራቸውና በግል ንግዳቸው መካከል ግጭት ሳይፈጥሩ እንዳልቀረ ጠቅሶ መልስ የሚያሻው ጉዳይ አለ አለ፤ በኋላ ያኔ የነበሩት እንባ ጠባቂ ነጻ አድርገዋቸዋል፣ ዐቃቤ ሕግም ክስ አልመሠረተም። በታኅሣሥ 13 ቀን 2022 ፓርላማው ሙሉ ምርመራ ይከፈት አይከፈት ብሎ ድምፅ ሰጠ። 148 ይከፈት አሉ፤ 214 አይከፈት አሉ። ከ214ቱ አብዛኞቹ የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ አባላት ነበሩ።