ባሕር አኒሞኒን ከቤት ውስጥ ገንዳ ጋር ማላመድ፦ የሰዓታትና የሳምንታት ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ1828 ስኮትላንዳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሰር ጆን ዳልዬል ከኖርዝ ቤሪክ የባሕር ዳርቻ አንዲት አኒሞኒ ወስደው በመስታወት ዕቃ ውስጥ አኖሯት። በኋላ «ግራኒ»፣ ማለትም «አያት»፣ የተባለችው ይህች እንስሳ ማሞቂያም ሆነ ልዩ መብራት ሳይኖራት፣ የባሕር ውኃዋ እየተለወጠላት፣ ዳልዬል ከሞቱም በኋላ ከአንዱ ጠባቂ ወደ ሌላው እየተላለፈች እስከ 1887 ኖራለች። በዚያው በ1828 ሩፐልና ሎይካርት የተባሉ ጀርመናውያን ከቀይ ባሕር የተገኘ ሌላ አኒሞኒ ለሳይንስ አስተዋወቁ (ይህ ሩፐል ቆየት ብሎ ጎንደር ድረስ የዘለቀው ተጓዥ ነው)። ዛሬ ኤንታክሜያ ኳድሪከለር የሚባለው ይህ ዝርያ በመዳሰሻዎቹ ጫፍ ላይ በሚታዩ አረፋ መሰል እብጠቶች ይታወቃል፤ በቤት ውስጥ የጨዋማ ውኃ ገንዳዎችም በብዛት ይገኛል። ይሁንና ለግራኒ አንድ የመስታወት ዕቃ ሲበቃት፣ ይህኛው ብዙ ገንዘብ በወጣበት ገንዳ ውስጥ እንኳ በጥቂት ወራት ሲሞት ይታያል። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው?

መልሱ በአመዛኙ ከሕዋሳቱ ውስጥ ይገኛል። የግራኒ ዝርያ ባሕሩ ሲሸሽ በዓለት ላይ ተጋልጦ መቆየትን የለመደ፣ የሚበላውን እየያዘ የሚኖር ጠንካራ እንስሳ ነው። የቀይ ባሕሩ ግን በውስጠኛው የአካሉ ሽፋን ሕዋሳት ውስጥ ሲምቢዮዲኒያሲዬ ከተባለው ቤተሰብ የሚመደቡ ባለአንድ ሕዋስ ዋቅላሚዎችን ይዞ ይኖራል። ዋቅላሚዎቹ በብርሃን አስተፃምሮ ያዘጋጁትን ምግብ ያካፍሉታል፤ እርሱም መጠለያ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ወደ ገንዳው የሚገቡት ሁለት ፍጥረታት ናቸው፤ የየራሳቸውም ጊዜ አላቸው። እንስሳው ከውኃው ጋር የሚላመደው በሰዓታት ሲሆን፣ ዋቅላሚዎቹ ከብርሃኑ ጋር የሚላመዱት በቀናትና በሳምንታት ነው። በአርቢዎች ዘንድ «ማላመድ» የሚባለው ሥራ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ላይ ያበቃል።

የውኃው ጉዳይ ቀላል ባይሆንም በሚገባ ይታወቃል። አኒሞኒ የውስጥ ፈሳሹን ጨዋማነት ለብቻው የሚቆጣጠርበት አካል የለውም፤ በዙሪያው ያለው ውኃ ከቀጠነ በኦስሞሲስ ውኃ ወደ ሕዋሳቱ ይገባል፣ ከወፈረ ይወጣል። የገንዳው ጨዋማነት በሺህ 35 ገደማ፣ ሙቀቱም ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ የገንዳውን ውኃ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረጉ እንስሳው ወዳለበት ዕቃ ማንጠባጠብ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ «በዘገየ ቁጥር ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ አንድ ነገር ይዘነጋል። ረጅም መንገድ በተጓዘ ከረጢት ውስጥ አሞኒያ ይጠራቀማል፤ የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን የውኃውን ፒኤች ዝቅ ስለሚያደርገው አብዛኛው አሞኒያ ብዙም ጉዳት በማያደርሰው የአሞኒየም መልክ ይቆያል። ከረጢቱ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤች ከፍ ይላል፤ ፒኤች በአንድ አሃድ ሲጨምር የመርዛማው አሞኒያ ድርሻ ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ያድጋል። ስለዚህ ከቅርብ የመጣን እንስሳ አንድ ሁለት ሰዓት ማንጠባጠብ ምክንያታዊ ሲሆን፣ ከሩቅ የመጣውን ግን አስቀድሞ ጨዋማነቱና ሙቀቱ ከከረጢቱ ጋር ወደተመጣጠነ ንጹሕ ውኃ ማዛወር ይመረጣል።

ገንዳው ራሱ ዕድሜ ያስፈልገዋል። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ያንንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች የሚደራጁት በጥቂት ሳምንታት ነው። ከዚያም በኋላ ግን አዲስ ገንዳ ለወራት ይዋዥቃል፤ ስድስት ወር መጠበቅ የበዛ ጥንቃቄ አይመስለኝም።

ዋናው ጥያቄ ብርሃን ነው። ዋቅላሚ በደካማ ብርሃን ሲኖር በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ሐመልሚል ያበዛል፤ በብርቱ ብርሃን ሲኖር ይቀንሳል። በነጋዴው ጨለምለም ያለ ዕቃ ውስጥ የሰነበተ፣ ከዚያም በጨለማ የተጓጓዘ አኒሞኒ ሐመልሚሉን አብዝቶ ብርሃን ሲጠብቅ ቆይቷል። በማግስቱ ከብርቱ ኤልኢዲ መብራት ሥር ሲገባ ዋቅላሚዎቹ ሊጠቀሙበት ከሚችሉት በላይ ብርሃን ይቀበላሉ፤ ትርፉ ጉልበት ሕዋስን የሚጎዱ የኦክስጅን ውሁዶችን ያስገኛል። እንስሳው በምላሹ ዋቅላሚዎቹን ያስወጣል፤ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ከአፉ ሲወጣ የሚታየውም አንዳንድ ጊዜ ይህ ነው። ውጤቱ መንጣት ነው፤ በሞቃት ዓመታት ኮራሎችን የሚያጠቃው ሂደት በአንድ ገንዳ ውስጥ ተደገመ ማለት ነው። ስለ መንጣት ካለን የሕዋስ ደረጃ ዕውቀት ከፍተኛው ክፍል የተገኘው ከኤግዛይፕታዥያ መሆኑ የሚያስገርም ነው፤ ይህችን ትንሽ አኒሞኒ የገንዳ አርቢዎች እንደ አረም ያጠፏታል፣ ቤተ ሙከራዎች ግን ይንከባከቧታል።

ከዚህ በመነሣት መብራቱን ከታሰበው ድምቀት ሲሶ አካባቢ ጀምሮ በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ማሳደግ ይገባል። ለብርሃን አስተፃምሮ የሚውለውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ ያለው ሰው ቁጥሩን ቢመዘግብ ከግምት ይድናል። በገበያ እንደ ብርቅ የሚሸጠው ነጭ አኒሞኒ ብዙውን ጊዜ ዋቅላሚዎቹን ያጣ ነው፤ ማገገም ቢችልም ወራት ይፈጃል፣ እስከዚያውም ደቃቅ ምግብ ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል።

አኒሞኒው በተቀመጠበት ቦታ ላይረጋ ይችላል። ይህ ዝርያ እግሩን በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ሸሽጎ መዳሰሻዎቹን ወደ ብርሃን መዘርጋት ይወዳል፤ የሚስማማውን እስኪያገኝ በእግሩ እየተሳበ ይዞራል። በዚህ ጊዜ ነቅሎ ወደ «ተገቢው» ቦታ መመለስ እግሩን ሊቀድ ይችላል፤ ቁስሉም በቀላሉ ይመረቅዛል። ከዚህ ይልቅ የፓምፖችን መግቢያ በወንፊት ወይም በስፖንጅ አስቀድሞ መሸፈን ያስፈልጋል፤ በፓምፕ የተፈጨ አኒሞኒ ሌሎቹንም ነዋሪዎች ይዞ ሊሞት ይችላል። አልፎ አልፎ መኮማተር የቆሸሸ ውኃን የማስወጫ መንገድ በመሆኑ አያሳስብም። የሚያሳስበው አፉ ተከፍቶ መቅረቱ፣ እግሩ አለመጣበቁና መጥፎ ሽታው ነው፤ የሸተተው ወዲያውኑ ይወጣል።

ምግብ እግሩ በሚገባ ከተጣበቀ በኋላ፣ ከሳምንት ገደማ ጀምሮ፣ በትንንሽ የሽሪምፕ ወይም የዓሣ ቁራሽ ይሰጣል፤ ትልቅ ጉርሻ ይተፋዋል። አኒሞኒን ተጠግተው የሚኖሩት ዓሦች፣ በቀይ ባሕር አምፊፕሪዮን ቢሲንክተስ የተባለው፣ በኩሳቸው አሞኒያ ዋቅላሚዎቹን ያዳብራሉ። ሆኖም ትልልቅ ዓሦች ገና ያልረጋውን እንስሳ እየተሻሹ ስለሚያስጨንቁት ቢዘገዩ ይመረጣል።

ከባሕር አንድ ትልቅ አኒሞኒ ሲነቀል እነዚሁ ዓሦች መጠለያቸውን ያጣሉ፤ ስለዚህ የገዢው ምርጫ ከገንዳው ውጭም መዘዝ አለው። ደግነቱ ኤንታክሜያ ኳድሪከለር ለሁለት እየተሰነጠቀ ይራባል፤ በገንዳ ውስጥ ከተከፈሉት የተገኘ ልጅ የሰው ሠራሽ መብራትን አስቀድሞ የለመደ ነው። ሻጩን መጠየቅ የሚገባው የእንስሳውን ትውልድ ብቻ አይደለም፤ በምን ዓይነት መብራት ሥር፣ ከውኃው ወለል ምን ያህል ጠልቆ ይኖር እንደነበረም ጭምር ነው። መልሱ ከተገኘ የመጀመሪያው ቀን የብርሃን መጠን ከዚያ ቁጥር ይነሣል።