የጃኩዚ ማሞቂያና ፓምፕ ብልሽት

ጃኩዚ ውሃው በኤሌክትሪክ እየሞቀና በፓምፕ ግፊት እየተንቀሳቀሰ ሰው የሚነከርበት ገንዳ ነው። ስሙ የመጣው ከጣሊያን ወደ ካሊፎርኒያ ከፈለሰው የጃኩዚ ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ መጀመሪያ የአውሮፕላን ፕሮፔለር፣ ቀጥሎም የውሃ ፓምፕ ይሠራ ነበር። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመገጣጠሚያ ሕመም ለነበረበት ለአንድ የቤተሰቡ ሕፃን ገንዳ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ ሠራ። ቃሉ የንግድ ምልክት ቢሆንም በአማርኛ ለማንኛውም መሰል ገንዳ ይነገራል። ከመሬት ሞቆ ከሚፈልቀው ፍል ውሃ ግን ይለያል፤ የጃኩዚ ሙቀትም እንቅስቃሴም የማሽን ሥራ ስለሆነ ይበላሻል።

አሠራሩ

ፓምፑ ውሃውን ከገንዳው በማጣሪያ (ፊልተር) በኩል ስቦ ወደ ማሞቂያው ቱቦ ይገፋዋል። ውሃው በቱቦው ውስጥ ባለው ኤለመንት ዙሪያ አልፎ፣ ሞቆ ወደ ገንዳው ይመለሳል። ኤለመንቱን ከመቃጠል የሚጠብቀው ይኸው የሚያልፈው ውሃ ነው። ፍሰቱ ቢቆም ምን እንደሚሆን በስሌት ማየት ይቻላል፦ 5.5 ኪሎዋት ማሞቂያ በቱቦው የቀረውን 1 ሊትር ውሃ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ እስከ መፍላት ለማድረስ 46 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ አምራቾች የፍሰት ወይም የግፊት ስዊች ይገጥማሉ። በቂ ውሃ ካላለፈ ስዊቹ ማሞቂያውን አያስበራም። «ማሞቂያው ተበላሸ» ሲባል ብዙ ጊዜ ማሞቂያው ደህና ሆኖ የጎደለው ፍሰት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ማሞቂያው አልሠራ ሲል

ቀላሉ ፍተሻ ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ ፊልተሩን ማውጣትና ገንዳውን ያለ ፊልተር ለጥቂት ደቂቃ ማስነሳት ነው። ማሞቂያው ከበራ ፊልተሩ በቅባት፣ በሳሙናና በፀጉር ተደፍኗል ማለት ነው፤ ይታጠባል ወይም ይቀየራል። የውሃው መጠን ከመሳቢያው አፍ በታች ሲወርድም ፓምፑ አየር ይስባል። ገንዳው ተደፍቶ እንደገና ከተሞላ በኋላ ደግሞ አየር ፓምፑ ውስጥ ይታሰራል፤ ሞተሩ ይዞራል፣ ውሃ ግን አይንቀሳቀስም። ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ የፓምፑ ማያያዣ በትንሹ ሲላላ አየሩ እየተነፈሰ ይወጣል፣ ውሃ መንጠባጠብ ሲጀምር መልሶ ይጠብቃል።

አንዳንድ ሠራተኞች ስዊቹ ሲያስቸግራቸው ሽቦውን «ዳይሬክት» ያደርጉታል። ገንዳው ለጊዜው ይሞቃል፤ ነገር ግን ቱቦውን ከመፍላት የሚጠብቀው ነገር ተነስቷል። የሙቀት መለኪያዎቹን በዚህ መንገድ ማለፍም ሰውን ያቃጥላል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን የገንዳው ውሃ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ (104 ፋራናይት) መብለጥ እንደሌለበት ያሳስባል።

ፍሰቱ ደህና ከሆነ ኤለመንቱ በቴስተር ይለካል፤ ኤሌክትሪኩ ጠፍቶና ሽቦዎቹ ተፈትተው። ለ240 ቮልት የተሠራ 5.5 ኪሎዋት ኤለመንት 10.5 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት (240 በ240 ተባዝቶ ለ5,500 ሲካፈል)። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ኤለመንቱ ተቆርጧል። ከኤለመንቱ ጫፍ እስከ ብረት ሽፋኑ ንባብ ካለ ደግሞ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው ያፈተልካል። በአሜሪካ ለእነዚህ ገንዳዎች የሚገጠመው ብሬከር 5 ሚሊአምፔር ያህል ሲያፈተልክ ይቆርጣል። ስለዚህ ደጋግሞ የሚወድቅ ብሬከርን እየመለሱ መነከር ለሕይወት አስጊ ነው።

ቀስ ብሎ መሞቅ ብልሽት ላይሆን ይችላል። 1,500 ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 5.5 ኪሎዋት ማሞቂያ 19 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካው 1.5 ኪሎዋት ግን 70 ደቂቃ፣ ያውም ወደ አየር የሚባክነው ሙቀት ሳይታሰብ።

ፓምፑ

ሞተሩ እያጉረመረመ ካልዞረ ወይ ውሃ ገፊው ክንፍ (ኢምፔለር) ባዕድ ነገር ይዞታል፣ ወይ ማስነሻው ካፓሲተር ሞቷል። ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ከጠፋም በኋላ ኃይል ይዞ ስለሚቆይ በባዶ እጅ አይነካም። ከፓምፑ ሥር የሚንጠባጠብ ውሃ በአብዛኛው የዘንጉ ሲል ማለቁን ያሳያል። ሲሉ ርካሽ ነው። ችላ ከተባለ ግን ውሃው ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ያዝገዋል፣ ሞተሩም መጮህ ይጀምራል።

ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ጃኩዚ ሌላ ጣጣ አለው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ፣ የኢትዮጵያ 50 ኸርዝ ነው። ለ60 ብቻ የተሠራ ሞተር በ50 ላይ ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል፣ የፓምፑ ግፊት ደግሞ በ30 በመቶ ገደማ። አዲስ ገንዳ ያለ አንዳች የተበላሸ ዕቃ የፍሰት ስህተት ሊያሳይ የሚችለው በዚህ ነው። የ240 ቮልት ማሞቂያውም በ220 ቮልት ከ5.5 ወደ 4.6 ኪሎዋት ይወርዳል። ሞተሩ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ «50/60» የሚል ካለ ለሁለቱም ተሠርቷል።